ሠላሳ ደቂቃ ሳይቆሙ

ሰኞ

ሰባት ደቂቃ። ዛሬ በጠቅላላ የተራመድኩት ሰባት ደቂቃ ነው። ዶክተሩ ቅዳሜ ያዘዘኝ ሠላሳ ነበር፤ ያውም ሳይቆሙ፣ ላብ ላብ እስኪል። ሰመራ ላይ ላብ ለማውጣት መራመድ አያስፈልግም፣ መቀመጥ ይበቃል አልኩት። አልሳቀም። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ ሁለት መቶ አሥር ነው። ኪኒን ጻፈልኝና "ሰኞ ሳምንት ይመጣሉ። ካልወረደ የኢንሱሊን መርፌ እንጀምራለን" አለኝ።

መርፌ ሲባል አባቴ ነው ትዝ የሚለኝ። ኮምቦልቻ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ጭኑን ሲወጋ። በኋላ እግሩንም ቆረጡት። እፈራለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ ለሚስቴ ለዘሃራም። ከልጆቹ ጋር አዋሽ ናት፤ ብትሰማ በመጀመሪያው መኪና ትመጣለች።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጣሁ። ወዲያው ጎረቤቴ ሐጂ ያሲን ከነፍየሎቻቸው ብቅ አሉ። ከአፋር ሽማግሌ ጋር መንገድ ላይ ተገናኝቶ "ደህና አደሩ" ብሎ ማለፍ የለም፤ ዳጉ አለ። ቁጭ ይባላል። አንዱ ያየውን የሰማውን ሁሉ ይናገራል፣ ሌላው "እ" እያለ ይቀበላል፣ ከዚያ ተራ ይቀየራል። ግጦሹ፣ የታመመው፣ የሞተው፣ የጠፋችው ግመል። ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬ ጥያቸው ልለፍ? "አንተስ፣ ጤናህ?" አሉኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" አልኩ። ስንነሳ ፀሐይዋ ማቃጠል ጀምራለች።

ማክሰኞ

ብልጥ ሆንኩና አቅጣጫ ቀየርኩ። ወደ ዲቾቶ ከተማ በሚያወጣው አስፋልት ዳር፤ ፍየልም ሽማግሌም በሌለበት።

ሞኝ ነኝ። ዕድሜ ልኩን ወደ ጅቡቲ የጭነት ተሳቢ ሲያሰማራ የኖረ ሰው ይህን እንዴት ይረሳል? በዚህ መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው መኪና የተበላሸበት ነው፤ አይቶ ማለፍ ነውር ነው። አምስት ተሳቢ ቆመልኝ። አንዱ ውሃ ሰጠኝ። አንዱ "ጎማ ነው?" ብሎ ክሪክ አወረደ። ከገላፊ ድንበር የሚመለሰው ሾፌራችን ከማል "ጋሼ ሰይድ፣ ግባ እንጂ!" አለ። ስፖርት እየሠራሁ ነው ስለው ወርዶ ግንባሬን ዳሰሰኝ፤ ወባ መስሎት። አፍሬ ገባሁ። ቢሮዬ በር ላይ አወረደኝ።

የተራመድኩት፦ አሥራ አንድ ደቂቃ።
የጠጣሁት ሻይ፦ ሦስት፣ እያንዳንዱ በሦስት ማንኪያ ስኳር። በንዴት ነው።

ረቡዕ

ዘሃራ እያለቀሰች ደወለች። "ከሥራ አባረሩህ አሉ! በእግርህ ወደ ጅቡቲ ስትሄድ ተገኘህ አሉ!" ከማል እስከ አዋሽ በቆመበት ምግብ ቤት ሁሉ አውርቶታል። ሾፌሮቹም ዳጉ ለምደዋል ማለት ነው።

"ኧረ ለጤና ነው" አልኳት።
"ጤናህ ምን ሆነ?"
"ምንም!"

ጮህኩባት። ስልኩን ዘጋሁ። አልተራመድኩም።

ሐሙስ

ግቢ ውስጥ ልዙር አልኩ። ግቢው ከጥግ እስከ ጥግ አሥራ አራት እርምጃ ነው። አከራዬ ቁልፍ የጠፋብኝ መስሏት ባትሪ ይዛ መጣች። ላስረዳት አቅም አጣሁ። አብረን ጎንበስ ብለን የሌለ ቁልፍ ስንፈልግ ቆየን።

የቀኝ እግሬ ጣት ይደነዝዘኛል። ጫማው ነው እላለሁ። አባቴም ጫማው ነው ይል ነበር።

ዓርብ

ከጁምዓ ሰላት ስንወጣ ሐጂ ያሲን ክንዴን ያዙኝ። ተቆጥተዋል።

"ሰኞ ጤናህን ጠየቅኩህ። ደህና ነኝ አልክ። እኔ ለሰው፣ ሰይድ ደህና ነው ብዬ ነገርኩ። አሁን ሰው፣ ሰይድ ታሟል ይላል። አንተ እኔን ውሸታም አደረግኸኝ!"

ዳጉ ላይ መዋሸት እዚህ ቀልድ አይደለም። የዋሸ ሰው ወሬው ዳግመኛ አይታመንለትም። የመስጊዱ ጥላ ሥር ቁጭ አልንና ሁሉንም ነገርኳቸው። ስኳሩን፣ መርፌውን፣ የአባቴን እግር፣ የራሴን ጣት። አፈርኩ። እሳቸው "እ" እያሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ስትሄድ መቆም የለም?"
"የለም፣ ሐጂ።"
"ታዲያ ይህን ሰኞ ብትለኝ ምን ነበረበት?"

ቤት እንደገባሁ፣ ከሌላ ሰው ሳትሰማ ብዬ ለዘሃራም ደወልኩላት። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ተቆጣች። ሲያበቃ ግን በዚህ ሳምንት እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ

ሠላሳ አንድ ደቂቃ!

ሐጂ ፍየሎቹን ለሚስታቸው ትተው አብረውኝ ሄዱ። ዳጉውን እየተራመዱ ነገሩኝ፤ እንዲህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ሰባ አልፏቸዋል፣ ግን እኔ ነኝ ወደኋላ የምቀረው። አንድ ተሳቢ ፍጥነቱን ቀነሰ። አለቀልኝ ስል ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "እንዳትቆም!" ብሎኝ አለፈ።

ሻይ ቤት ፋጡማ ሳልጠይቃት ስኳር የሌለው ሻይ አስቀመጠችልኝ። ስኳሩን አምጪ ስላት "አይሆንም፣ ሰምቻለሁ" አለች። ተናደድኩ። ጠጣሁት። ሬት ነው።

እሑድ

ሠላሳ። ጉልበቴን አመመኝ። ሐጂ የእኔን ጉልበት ከግመል ጉልበት ጋር ሲያወዳድሩ አረፈዱ፤ ግመሉ አሸነፈ።

ሰኞ

መቶ ስልሳ ስምንት።

"ወርዷል፣ ግን ገና ነው። መርፌውን ለጊዜው እናቆየው" አለኝ ዶክተሩ። የደነዘዘውን የእግሬን ጣት በሹል ነገር ነካ ነካ አደረገው፤ ተሰማኝ። አልሐምዱሊላህ። "ለጊዜው" የምትለዋን ግን አልወደድኳትም።

ሐጂ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመው ነበር። ሳልጨምር ሳልቀንስ ቁጥሩን ነገርኳቸው። ቢሮ ገብቼ ሥራ ይዞኝ፣ ምሳ ላይ ለዘሃራ ስደውል "መቶ ስልሳ ስምንት፤ ሰምቻለሁ" አለችኝ። የገዛ ሚስቴን እንኳ እኔ እንዳላበስራት!

ነገም በአሥራ አንድ ተኩል በርህ ላይ ነኝ ብለዋል ሐጂ። የምቀርበት ሰበብ ሳስብ ዋልኩ። ዝናብ ቢጥል ይቀርልኝ ነበር። ሰመራ ላይ ደግሞ ዝናብ የት ይገኛል።