ቀዩ ብዕር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

የአባባ ዓይን ስለደከመ፣ ጣና ላይ ላለው ገዳም የሚገለብጡትን ድርሳን በኮምፒውተር እንዲጽፉ ማሽኑን የሚያሠራውን ሊኑክስ የተባለ ፕሮግራም ለእሳቸው አመቻቸሁት። ፊደሉን አጎላሁት፤ የገጹን መልክ ብራና አስመሰልሁት። የእመቤታችን ስም በተጻፈ ቁጥር በራሱ እንዲቀላም አደረግሁ። በዚህስ ኮርቼ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ስሙ ሲቀላ አዩና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው አባባ፣ አልወደዱትም?»

«ጥሩ ነው ልጄ። ግን ስሟ ላይ ስደርስ ጥቁሩን ብዕር አስቀምጬ ቀዩን አነሳ ነበር። በመካከሉ አንዲት ጸሎት ነበረችኝ።»

ልጅ ሳለሁ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ፊደል የሚቆጥሩ ይመስለኝ ነበር።

ያንን ትእዛዝ ሰረዝሁት። አሁን ስሙ የሚቀላው እሳቸው አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ ነው። ከሰዓት ሞከሩት። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ብዙ ቆየ። አብሬያቸው ልጸልይ ብዬ ነበር፤ ምን እንደሚሉ ግን እስከ ዛሬ ጠይቄያቸው አላውቅም።