ጣቴ የጠቆመችው ውሃ

ኅዳር 8፤ ጧት 2 ሰዓት

ያልሰማህ ከእኔ ስማ፤ የሰማህም ለጎረቤት አሰማ። የግሽ አባይ ክ/ከተማ ነዋሪ የሆነው በርጩማዬ ዛሬ ጧት በሜትር ተለካ። ቁመቱ 38 ሳ.ሜ. ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡ ተረጋግቶ ወደ ሥራው ይመለስ።

ለኪዋ የልጅ ልጄ መቅደስ። ሥራዋ የሕንፃ ንድፍ ነው። ከበርጩማው ቀጥላ እግሬን ለካች፤ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ሎሚ። ስቀመጥ ጀርባዬ መደገፊያ ይፈልጋል? ስነሣስ እጄ ምን ይይዛል? የጧት ፀሐይ ዐይኔን ይወጋኛል? ለምንሽ ነው ብላት ለሥራ ነው አለች። ደብተር፣ አንተ ታምናታለህ? እኔ አላምናትም። ሰማንያ ሊሞላው ትንሽ የቀረውን ሰው በሜትር የሚለካው ማን ነው? የሬሳ ሣጥን ሠሪ።

ኅዳር 10፤ ከቀትር በኋላ

ሰለልሁ። ልትታጠብ ስትገባ ወረቀቷን ገለጥሁ። ሐይቅ አለ። ሾላ አለ። ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ። ከግንቡ ፊት ዱላ የያዘ ሽማግሌ ቁጭ ብሏል። አፍንጫው የእኔ ነው፤ ቦርጩ ግን ስም ማጥፋት ነው። በቃ፣ መቃብሬ።

ምሳ ላይ፣ መቃብር ውስጥ በርጩማ ምን ያደርግልኛል፣ ጋደም ብል ይሻለኛል አልኋት። ውሃው ትን አላት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

የመቃብሬ ሥራ አይደለም። መቃብር ለሌላቸው ነው። ሐይቁ ወስዷቸው አስከሬናቸው ላልተገኘ መታሰቢያ፤ የሚያሠራው የዳርቻው እድር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ። አልቃሽ መቀመጫ ይፈልጋል፤ የሚመጣው አብዛኛው ሽማግሌና አሮጊት ነው፤ ስለዚህ ልኩ ከእኔ ተወሰደ። ግንቡ ላይ ደግሞ ጠባብ ክፍተት ይቆረጣል። በዚያ ሲያዩ አንድ ቦታ ብቻ፣ ውሃ ላይ። የት? ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን የሰመጠበት። የሌሎቹን ያየ ሰው የለም። የሙሉቀንን ግን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ቤተሰቡ እንዲህ ሲል ነው የኖረው። የሱ ቦታ ለሁሉም ይሁን አሉ። በሚካኤል ዕለት ወስዳኝ እጠቁምላታለሁ።

ምሳው አልወረደልኝም። ጎመኑ ጨው በዝቶበት ነው።

ኅዳር 12፤ ሚካኤል

ከቤ/ክ በባጃጅ ወደ ሾላው። እናቴ ትቀመጥበት የነበረው፣ ከመሬት የወጣው ሥር እንዳለ አለ። ለስልሷል። ጠቆምሁ። መቅደስ ስልኳን በክንዴ ልክ ይዛ አቅጣጫውን መዘገበች። በስልክ! እኛ ዕድሜ ልካችንን በነፋስ ስንለይ።

አሊ ከሾላው ማዶ ደንገል እየጠፈረ ታንኳ ይሠራል። አብሮ አደጌ ነው። መቅደስ አጠገቡ ተቀምጣ ስታንሾካሹክ አየሁ። ስደርስ ወሬውን ወደ ደንገል አዞሩት። ይኼ አዟዟር ደግ አይደለም። ሙሉቀን የሰመጠ ዕለት እኔ የት እንደነበርሁ የሚያውቅ፣ በሕይወት ያለ ሰው አሊ ብቻ ነው።

ኅዳር 14

ደግሞ ወሰደችኝ። በሚካኤል ዕለት ጭጋግ ነበር አለች። እኔ ጭጋግ አላየሁም። ጠቆምሁ። መዘገበች። ስልኳን ደጋግማ አየችና ባጃጅ ጠራች። እናቷም ነገር ሲገባት እንዲህ ነው የምትሆነው፤ ቁጣው በማግሥቱ ነው።

ኅዳር 15

ለብቻዬ አሊ ዘንድ። ልጅቱን ምን ነገርሃት አልሁት፣ ሰላምታም ሳልሰጠው። ገመዱን በጥርሱ ይዞ ሥራውን ጨረሰ፤ ያስጨንቀኛል ሆን ብሎ።

«ደንገል እንዴት እንደሚታሰር ነው የነገርኋት» አለ። «ሸንኮራውን ለአንተ ትቼዋለሁ።»

ከስድሳ ዓመት በላይ ከዚህ አፍ ሸንኮራ የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ቀጥሎ ስለ እህቱ አወራ፣ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ መስሎ። ልጇ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የቀረው ሴት። ግንቡ መቼ ያልቃል እያለች ትጠይቀዋለች አሉ። በዚያ ክፍተት ልታይ። 

ሰደብሁት። ሳቀብኝ። መጣሁ።

ኅዳር 17

ሦስተኛ ጊዜ። ስንመለስ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው። ከሾላው የወጡ ሦስት መስመሮች፤ አንዱ ወደ ደሴቱ፣ አንዱ ወደ ዓባይ መውጫ፣ አንዱ ወደ ጀልባ ማቆሚያው። ውሃ እኮ አንድ ቦታ አይቆምም አልሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅልኝ ነበር።

«አባባ፣ ድንጋይ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። ግንበኞቹ በ20 ጧት ይገባሉ። የቱን ልያዝ?»

ዐይኔ ደክሟል አልኋት። ደግሞም ደክሟል።

ኅዳር 20፤ ጎሕ ሲቀድ

ደብተር፣ ባንተ ልለማመድ፤ ቀጥሎ ለሷ ነው።

እናቴ ሙሉቀንን ብቻውን አትልቀቀው ብላኝ ነበር። ታንኳዋ ላይ እንጨት ጭኖ ሊሻገር ነው። እኔ ከአሊ ጋር የሰው ሸንኮራ ልሰርቅ ከኮረብታው ጀርባ ሄድሁ። ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቶ አልፏል። ታንኳዋ ተገልብጣ ዳር ወጥታለች። መንደሩ ይጮኻል። እናቴ ትከሻዬን ይዛ የት ጋ ነው ልጄ አለችኝ። አላየሁም ካልሁ አብሬው አልነበርሁም ማለት ነው። አፌ ገና ሸንኮራ ሸንኮራ ይላል። ጠቆምሁ።

ጣቴን ተከትላ አየች። ልብሱን ዘርግተን ስናለቅስ እንኳ ፊቷ ወደዚያ ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት፣ እስክትሞት፣ ያ ሥር እስኪለሰልስ ተቀመጠችበት። አንድም ቀን ተሳስተሻል አላልኋትም።

የአሊን እህት ግን አላስቀምጣትም። ክፍተቱ ይቅር። መቀመጫው ይሠራ፤ እናቴ ከተቀመጠችበት ሥር ጎን፣ 38 ሳ.ሜ.፣ ፊቱ ለሐይቁ በሙሉ። ሰው የራሱን ውሃ ራሱ ይፈልግ። መቅደስ ንድፌን አበላሸህ ብላ ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ። ከተቆጣች አንቱን ትታ አንተ ትለኛለች፤ እሱንም እችላለሁ።

በሯ ተከፈተ። ተነሥታለች። በርጩማዬን ይዤ እገባለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቆመው አይናገሩትም።

ሙሉቀን ነበረ። ታንኳዋም ነበረች፣ ነፋሱም ነበረ። እናቴ እዚያ ሥር ላይ መቀመጧም እውነት ነው፤ ሥሩን ዳስሶ ማየት ይቻላል። ያልነበረው ጣቴ ያረፈችበት ውሃ ብቻ ነው። እሱን የፈጠርሁት እኔ ነኝ።