የአልቃሾችን ድምፅ ሲሰበስቡ የኖሩት የአቶ አስናቀ ጥላዬ የሕይወት ታሪክ
(1949–2017 ዓ.ም.)

አቶ አስናቀ ጥላዬ ከአባታቸው ከአቶ ጥላዬ ወርቅነህና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓለሚቱ በላይ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላው በጋፋት በታኅሣሥ ወር 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ገብስና ስንዴ አራሽ ነበሩ። ከተወለዱት ስድስት ልጆች ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሱት እሳቸውና ታናሽ እኅታቸው ወ/ሮ የዝብነሽ ብቻ ናቸው። አቶ አስናቀ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዝምተኛ ስለነበሩ እናታቸው፣ «ይህ ልጅ ጆሮ ብቻ ሆኖ ነው የተወለደ» ይሉ እንደነበር እኅታቸው ያስታውሳሉ።

ከደብሩ የኔታ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ተሻግረው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልንም በ1968 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እብናት ተመድበው ጎልማሶችን አስተማሩ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ በአውራጃው የባህል ሥራ ተቀጠሩ።

ጊዜው የኪነት ጊዜ ነበር። መንግሥት ለኪነት ቡድኑ ልብስ ያሰፋል፣ መኪና ያቀርባል፣ በየበዓሉም መድረክ ይሠራል። አቶ አስናቀ የአልባሳትና የሙዚቃ መሣሪያ ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ አንድ ቴፕ ሪከርደር ተሰጣቸውና ለቡድኑ የሚሆን ዜማ ከገጠር እንዲለቅሙ ታዘዙ። የሚፈለገው የሚያስጨፍር ዘፈን ነበር።

በ1975 ዓ.ም. የሠርግ ዘፈን ሊቀዱ እብናት ወርደው ሠርጉ በለቅሶ ምክንያት ቀርቶ አገኙት። መመለስ ሲገባቸው ለቅሶው ላይ ተቀመጡ። በዚያ ወ/ሮ ጌጤ ካሤ የሚባሉ አልቃሽ፣ ማለትም ግጥም እየደረደሩ ለቀስተኛውን የሚያስለቅሱ ሙሾ አውራጅ፣ እህል ሊሸጥ ወጥቶ በዚያው ለቀረ ሰው እያለቀሱ ነበር። ለሟች ሚስት እንዲህ አሉላት፦

ገበያው ተፈታ፣ ሰው ሁሉ ገባልሽ፤
አንቺ ቤት ብቻ ነው በር ያልተንኳኳልሽ።

አቶ አስናቀ የቤቱን ሰዎች አስፈቅደው ቀዱ። ሲጨርሱ አልቃሿ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ ሣጥንህ የእኔን ድምፅ ይዞት ሊሄድ ነው?» ሲሉ ጠየቋቸው።

«አዎ፣ እናቴ።»

«እንግዲያ መልሰህ አምጣልኝ። እኔ እኮ ስለው ነው የኖርሁ እንጂ ስሰማው አላውቅም።»

አቶ አስናቀ አመጣለሁ ብለው ቃል ሰጡ። ቢሮ ሲደርሱ የቅርብ አለቃቸው ካሴቱን ጥቂት ሰምተው፣ «ጓድ አስናቀ፣ ለአብዮት በዓል ለቅሶ ይዘህልን መጣህ?» አሏቸውና ሁሉም ሳቀ። ቴፑም ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ ተፈለገ። ተመልሰው እብናት የወረዱት በ1978 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የሰባ ሰባቱ ድርቅ አልፎ ነበርና ወ/ሮ ጌጤን አላገኙም። በሕይወት የተረፈች ልጃቸውን አግኝተው ደጃፉ ላይ ካሴቱን ከፈቱላት። ልጅቱ ሰምታ ስታበቃ፣ «ይድገሙልኝ» አለች። ደገሙላት። ደግማም «ይድገሙልኝ» አለች። የቴፑ የባትሪ ድንጋይ አልቆ የእናቷ ድምፅ እየተጎተተ እስኪጠፋ ድረስ ሲደግሙላት ዋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ አስናቀ ሰው ቀድተው ለራሱ ሳያሰሙ ተነሥተው አያውቁም፤ የቀዱትን እዚያው፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ያሰሙ ነበር።

ለመሥሪያ ቤቱ የተባለውን ዘፈን እየለቀሙ፣ በራሳቸው ጊዜ ደግሞ አልቃሾችን እየፈለጉ ከጋይንት እስከ ፎገራ፣ ከእብናት እስከ እስቴ በእግርም በጭነት መኪናም ዞሩ።

በ1980 ዓ.ም. በልብስ ስፌት ከሚተዳደሩት ከወ/ሮ ብርነሽ ዓለምነው ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ በ1982 ዓ.ም. ትርሲት የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ካሴቶቹ ቢሮ ውስጥ ቦታ ስላልነበራቸው የሚቀመጡት እቤታቸው ነበር። አቶ አስናቀ ከሥራ ሲመለሱ አንዱን ከፍተው ግጥሙን በደብተር ይገለብጡ ነበርና በዚያ ቤት የሙሾ ድምፅ የማይሰማበት ቀን አልነበረም። ትርሲት በ1983 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በኩፍኝ ታማ በአንድ ዓመት ከሦስት ወሯ ዐረፈች። ከሐዘኑ በኋላ ወ/ሮ ብርነሽ፣ «እኔ ቤት ሰው ሳይሞት ለቅሶ ሲሰማ ኖረ። ሞት እቤቱ መስሎት ነው የመጣ» አሉ። አቶ አስናቀ በማግስቱ ካሴቶቹን በማዳበሪያ ጆንያ አድርገው ወደ ቢሮው መጋዘን አጋዙ። ትዳሩ ግን በዚያ አልዳነም። ባለቤታቸው በ1985 ዓ.ም. ባሕር ዳር ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። ክፉ ቃል ሳይነጋገሩ በሽማግሌ ተለያዩ። አቶ አስናቀ ሌላ አላገቡም። ልጃቸውንም በሙሾ አላሰቡም፤ ስሟን ሲጠሩ የሰማቸውም የለም።

መንግሥት ሲለወጥ የኪነት ቡድኑ ተበተነ፤ አልባሳቱ መጋዘን ገቡ። መሥሪያ ቤታቸውም አንድ ጊዜ ከስፖርት፣ አንድ ጊዜ ከማስታወቂያ፣ ሌላ ጊዜ ከወጣቶች፣ በኋላም ከቱሪዝም ጋር እየተዳበለ ስሙ ስድስት ጊዜ ተለወጠ። በየለውጡ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል፤ አዲስ ዕቅድ ይታቀዳል። በዕቅዱ ላይ «የቃል ሀብትን መሰብሰብ» የሚል መስመር ሁልጊዜ ነበረ፤ በጀት የተያዘለት ግን በጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

በ1994 ዓ.ም. በተደረገ ስብሰባ ላይ ሙሾ ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ጋር ተቆጥሮ ለእርሱ የሚውል ካሴትም ሆነ ድንጋይ እንዳይገዛ ተወሰነ። በስብሰባ ተናግረው የማያውቁት አቶ አስናቀ ያን ቀን እጃቸውን አወጡ። «እኔ ፊታችሁን ቧጭሩ፣ ደረታችሁን ድቁ አላልሁም፤ እሱ ይቅር። ነገር ግን በዚህ አገር የድኻ ታሪክ የሚነገረው ሲሞት ብቻ ነው፤ የምትነግረውም አልቃሽ ናት። እሷን ጎጂ ካልናት የማንን ባህል ነው የምናለማው?» አሉ። ሰብሳቢው አመስግነው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። ስብሰባው ሲበተን ከአጠገባቸው ሄዶ ያነጋገራቸው ሰው አልነበረም።

በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ወዳጅ ነበሯቸው። እሳቸውም በደብረ ታቦር ገበያ ዳር ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ የነበሩት አቶ ጀማል ነስሩ ናቸው። አቶ ጀማል የቴፑን ላስቲክ እየለወጡ፣ የተበጠሰውን ክር እየቀጠሉ ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ክፍያ ረዷቸው። «አስናቀ፣ የሰው ደንበኛ ዘፈን ይዞ ይመጣል፤ አንተ ግን መቃብር ተሸክመህ ትመጣብኛለህ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ቀልዱን ከአቶ ጀማል በቀር ሌላ ሰው ቢናገረው አቶ አስናቀ አይስቁም።

በ2001 ዓ.ም. በመዋቅር ለውጥ የሥራ መደባቸው ታጠፈ፤ ወደ ቱሪዝም ማስተዋወቅ ተዛወሩና ስለ ወንዛዬ ፍል ውኃና ስለ ጋፋት የሚናገር በራሪ ወረቀት እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። ሥራውን በሚገባ ሠሩት። ወረቀቱ ታትሞ ሲመጣ ግን ማስቀመጫ ታጣ፤ መጋዘኑ ይጽዳ ተባለ፤ ካሴቶቹም «የማያገለግል ንብረት» ተብለው ለመወገድ ተመዘገቡ። አቶ አስናቀ ማመልከቻ ጽፈው ሁለት ሳምንት ጠበቁ። መልስ ሲያጡ በሦስተኛው ሳምንት ጋሪ ተከራይተው ሦስት መቶ አሥራ አንዱንም ካሴት በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው በር አውጥተው ወደ ቤታቸው ወሰዱ። የመንግሥትን ንብረት ያለ ፈቃድ በማውጣት ተከሰው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀጡ፤ ይጠብቁት የነበረው ዕድገትም ቀረ። በቀረበባቸው ጥያቄ ላይ «አዎ፣ አውጥቻለሁ» ከሚል በቀር ሌላ ቃል አልጻፉም።

በ2009 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። በ2012 ዓ.ም. አቶ ጀማል በድንገት ዐረፉ። አቶ አስናቀ ከቀብሩ ዳር ቆመው የሚሉት ጠፋቸው፤ በእስልምና ሙሾ የለምና። ለሟች ልጅ ለወ/ሮ ሰሚራ፣ «ልጄ፣ ለአባትሽ የማወጣው ድምፅ አጣሁ» ያሉት ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። ከዚያ በኋላ ከቤታቸው የሚወጡት ቅዳሴ ለማስቀደስና ዕድር ለመድረስ ብቻ ሆነ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ሲጠጋና ብዙ ሰው ሲሸሽ የእኅታቸው ልጅ ፋሲካ ከባሕር ዳር ደውላ፣ «ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ይውጡ!» ብላ ለመነቻቸው። መልሳቸው፣ «ሦስት መቶ ሰው እቤቴ አስቀምጬ ወዴት እወጣለሁ?» የሚል ነበር። መስኮቱን በካሴት ካርቶን ሳይሆን በራሳቸው ፍራሽ ከልለው መሬት ላይ ተኝተው ሰነበቱ። ካሴቶቹም እሳቸውም ተረፉ።

ካሴቶቹን የበለጠ የጎዳው እርጥበቱ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጽሕፈትና የኮምፒውተር ሥራ ቤት ያላት ወ/ሮ ሰሚራ ራሷ መጥታ፣ «አባባ አስናቀ፣ የአባቴን ቴፕ አስነሥቼዋለሁ። አንድ አንድ እያልን ወደ ኮምፒውተር እናዛውራቸው» አለቻቸው። ለአንድ ዓመት ከስድስት ወር በየቀኑ ከሱቋ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁለት መቶ ሰባ አራቱን አዳኑ። የቀሩት ሠላሳ ሰባቱ ሻግተው ድምፅ አልሰጡም። አቶ አስናቀ የእነዚያን አልቃሾች ስም በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ለቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሰጡ።

ወሬው ሲሰማ ከገጠር ሰው መምጣት ጀመረ። የገበያ ቀን የመጣ ገበሬ በሬውን አስሮ፣ «የእናቴ ድምፅ አለ ይላሉ» እያለ ሱቁ በር ላይ ይቆማል። አቶ አስናቀ ስሟን ጠይቀው፣ ፈልገው ያሰሙታል። ሰምቶ፣ አልቅሶ፣ መርቋቸው ይሄዳል። እሳቸውም ወንበራቸው ላይ ይመለሳሉ። ወ/ሮ ሰሚራ አንድ ቀን፣ «ይህን ያህል ሰው ሲመርቅዎት ደስ አይልዎትም?» ብትላቸው፣ «ደስ ይለኛል። ግን ሁሉም የራሱን ሰው ይዞ ነው የሚሄድ» ብለዋታል።

አቶ አስናቀ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ታመው በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሰሞን ፋሲካ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ፣ በቀብርዎ ቀን የትኛውን ካሴት እናሰማ ስትል ጠየቀቻቸው። «አንዱንም እንዳትከፍቱ» አሏት። «እነሱ የተለቀሱት ለባለቤታቸው ነው፤ የሰው እንባ አትዋሱልኝ። የሚያለቅስ ካለ ያልቅስ፤ ከሌለ ዝም በሉ።»

አቶ አስናቀ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ሰኞ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዘመድ ወዳጅ በተገኙበት ዛሬ ግንቦት 12 ቀን በተወለዱበት ደብር ይፈጸማል። እኅታቸው ወ/ሮ የዝብነሽ ጥላዬ፣ የእኅታቸው ልጆች ፋሲካና ሙሉቀን፣ እንደ ልጅ የጦረቻቸው ወ/ሮ ሰሚራ ጀማል በሐዘን ተቀምጠዋል። የቀድሞ ባለቤታቸው ወ/ሮ ብርነሽም ትናንት ከባሕር ዳር ደርሰው ከቤተሰቡ ጋር ናቸው።

ቤተሰቡ ትናንት የእሳቸውን ድምፅ ለመታሰቢያ ፈልጎ ነበር። በዚያ ሁሉ ቅጂ ውስጥ የተገኘው በየካሴቱ መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ አገሩንና የአልቃሿን ስም የሚናገሩበት ብቻ ነው። ከሁሉ የሚረዝመው ይህ ነው፦ «የካቲት አራት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ እስቴ። እናታችን ወ/ሮ ጥሩዬ ናቸው። እኔ ዝም ልበልና እሳቸውን እንስማ።» ወ/ሮ ብርነሽ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሡና፣ ስለ አቶ አስናቀም ስለ ትርሲትም፣ ሠላሳ አራት ዓመት የዘገየውን ሙሾ አወረዱ። ማንም አልቀዳውም።

የሁሉን ጩኸት የሚሰማ አምላክ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሚካኤል የተባሉትን የአቶ አስናቀን ነፍስ ይቀበልልን፤ ብቻቸውን በኖሩበት ፈንታ ከቅዱሳኑ ማኅበር ይደምርልን፤ ለቀራችሁትም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።