ባለቤቴን ከቀብሩ በኋላም በሥራ ገበታው ላይ ላቆዩልኝ ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም በጤና እንድትከርሙ ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። የእኛን ደህንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ባለቤቴ ዛሬም በጠዋቱ ዜና ላይ ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰምቷል፤ እኔም ከቀበርኩት ወዲህ ይህ ነው የሚባል ስሜት አይሰማኝም፤ ስለዚህ ሁላችንም ደህና ነን ማለት ይቻላል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በፖስታ የላክሁትን ጸሐፊዎ በክብር እንዳስቀመጠችልዎ ነግራኛለች፤ አስቀምጣው ይሆናል።

ሰሞኑን ጣቢያዎ ባስነገረው ጥናት መሠረት የከተማው ሕዝብ ከዜና ምንጮች ሁሉ አብልጦ የሚያምነው የእናንተን የጠዋት ዜና እንደሆነ ሰማሁ። እንኳን ደስ አላችሁ። ጥናቱ ሰዎች ለምን እንደሚያምኗችሁ ሳይነግረን ስላለፈ ግን፣ የጎደለውን ከሰፈሬ ከማውቀው ልሙላበት ብዬ ተነሣሁ።

ባለቤቴ በጣቢያዎ ዜና ሲያነብ ነው ጸጉሩ የሸበተው። አንድ ክፉ አመል ነበረው፤ ራሱ ደውሎ ያላጣራውን ዜና አያነብም። ውሃ ይቋረጣል የሚል ወረቀት ቢሰጡት እንኳ ወደ ውሃ ማከፋፈያው ደውሎ ተረኛውን ሰውዬ ከምሳው ላይ ያስነሣዋል፤ አለቆቹም በዚህ የተነሣ ነገር ያጓትታል ይሉት ነበር። በሰፈራችን ግን ቧንቧው ደርቆ እያዩት እንኳ እሱ በሬዲዮ እስካልተናገረ ድረስ ባልዲ የሚያነሣ ሰው አልነበረም። ዛሬ ሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ መዓት ወሬ ይዞ ይዞራል። ልብስ የምተኩስበት ላውንደሪ አለቃዬ ጮክ ብሎ የሚናገረውን ያምናል፤ እህቴ ቀድሞ የደረሳትን ታምናለች፤ ምክንያቷን ብትጠይቋት ቀድሞ ስለደረሰኝ ነዋ ትላለች። የእኛ ሰፈር ግን ዜና ሲመርጥ አልደከመም፤ ሰውዬውን አንዴ መርጦ ተገላግሏል።

ምስጋናዬ በተራ ቁጥር ቢሆን ለጸሐፊዎም ስለሚመቻት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባለቤቴ ገና በጤናው ሳለ ለቤተ መዛግብት ነው ብላችሁ ስቱዲዮ ውስጥ አስቀምጣችሁ ያን ሁሉ ገጽ ስላስነበባችሁት አመሰግናለሁ። ሳንባው ታሞ አልጋ ላይ ሲውል ከዚያ ቅጂ ድምፁን የተማረው ኮምፒውተራችሁ በእሱ ድምፅ ዜና ማንበቡን ስለቀጠለ፣ ባለቤቴ ከሥራው ሳይቀር ታመመ። አልጋው ላይ ሆኖ ራሱን የሰማ ዕለት ምን እንዳለ ማወቅ ይፈልጉ ይሆናል። አልተቆጣም። እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ «ለመሆኑ ይህን ማን ደውሎ አጣራው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ትራሱን አስተካከልኩለት።

ሁለተኛ፣ ቀብሩን ከግርግር ስላዳናችሁልን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ባረፈበት ዕለት ጣቢያዎ እንደ ወትሮው ድምፁን ስላሰማ፣ ከቤታችን በታች ያለው ልብስ ሰፊ ሞቱን የነገሩትን ሁሉ የሐሰት ወሬ አታሰራጩ እያለ ገሥጾ መልሷቸዋል። ልብስ ሰፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ባለቤቴንም ከወንድሙ አስበልጦ ይወደው ነበር። እኔው ራሴ ከሆስፒታል ስደውልለት እንኳ ስልኩን አንሥቶ፣ «እህቴ፣ አንቺንም አታለውሽ ይሆናል» ብሎ አጽናናኝ። የተከራየናቸው ወንበሮች አብዛኞቹ እንደተደራረቡ ተመለሱ። ከቀብሩ በኋላ ያው ድምፅ ውሃ ይቋረጣል ብሎ ሰፈሩ ጀሪካን ሲሞላ ዋለ፤ ውሃው ግን ሲወርድ ዋለ፣ ሲወርድም አደረ። ልብስ ሰፊው ዜናው ልክ ነው፣ የተሳሳተው ውሃው ነው ብሎ ፈረደ። እንግዲህ ጥናታችሁ ውስጥ የተቆጠረው እምነት እንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ ካልሆነም አይራመዱም። የልጃቸውን ሞት እጃቸውን ይዤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ጮኹ። በማግስቱ ጠዋት ግን ትራስጌያቸው ያለችው ሬዲዮ ልጃቸውን አሰማቻቸውና ጩኸታቸውን አቆሙ። «አንቺ ልጅ ደክሞሻል» አሉኝ። «ልጄ እኮ ድኗል፤ ሳሉም ለቆታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ማዘን ክልክል ሆነ። ሊያጽናናቸው የመጣውን ሁሉ በልጄ ላይ ታሟርታለህ ብለው ይቆጡታል። ሥራ በዝቶበት እዚያው ጣቢያው ነው የሚያድረው ስለሚሉ፣ ሸሚዞቹን እንድልክለት ያዙኛል። እኔም ቀን ላውንደሪ ውስጥ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ውዬ ቤት ስገባ የእሱን እተኩሳለሁ፣ አጥፌ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እመልሳለሁ፣ ላክሽ ወይ ሲሉኝም ላክሁ እላለሁ። ላውንደሪው ውስጥም ሬዲዮ አለ። ኮሌታ እየተኮስኩ ባለቤቴ ስለ ነዳጅ እጥረት ይነግረኛል። በመጀመሪያ አካባቢ ካውያውን አቁሜ ወደ ውጭ እወጣ ነበር፤ አሁን ኮሌታውን እጨርሳለሁ። የእኔስ ግድ የለም። እሳቸው ግን ልጃቸውን ሳያለቅሱለት እንዳይሞቱ ፈራሁ፤ ቢሮዎ ድረስ የመጣሁትም ለዚህ ብቻ ነበር።

መስተንግዶዎን አልረሳሁም። ለስላሳ ወንበር ሰጥተው፣ ሻይ አስመጥተው፣ ድምፁ ይቁምልኝ ስልዎት አድማጭ እንደሚደናገጥና እምነት በአንድ ጀምበር እንደማይገነባ በትዕግሥት አስረዱኝ። ከዚያም መላው ተገለጠልዎት፦ ሕዝቡ የሚያምነው እሱን ስለሆነ፣ ሞቱን እሱው ራሱ ያንብበው። እኔ በድንጋጤ ዝም ስል እሺታ መስሎዎት ደወል ተጭነው ትእዛዝ ሰጡ።

እንዳሉትም ሆነ። አማቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማነው። የጣቢያችን አንጋፋ ዜና አንባቢ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ አለ፤ ስሙን ጠራ፤ ቀጥሎም ወደ አየሩ ጠባይ አልፎ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንደሚኖር ነገረን። ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊው መቀሱን በእጁ እንደያዘ ደረጃውን ወጥቶ መጣና፣ አሁን ተረጋገጠ ብሎ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ሌሎቹም ከኋላው ተከታትለው መጡ። ያን ዕለት መቀመጫ አነሰን።

አማቴ ግን ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮዋ እንዳዘነበሉ ቀሩ። በመጨረሻ «ይሄ ልጄ አይደለም» አሉ። «ልጄ የሞተ ሰው ስም ሊጠራ ሲል መጀመሪያ ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል፤ ለማያውቀውም ሰው ቢሆን። ይሄኛው ምንም ሳይመስለው ስለ ዝናብ አወራ።» ከዚያ እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙና «መቼ ነው የሞተብኝ?» አሉኝ። ያኔ የነገርኳቸውን መልሼ ነገርኳቸው። ታዲያ ይህን ሁሉ ጠዋት ማንን ነው ስሰማ የኖርኩት ብለው ጠየቁኝ። የማውቀው ስላልነበረ ሥራ አስኪያጁን እጠይቅልዎታለሁ አልኳቸው፤ ይኸው ጠየቅሁ።

አለቀሱ። ሬዲዮዋን አጥፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና የእኔም እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ጠዋት ጠዋት የነዳጅ ወረፋ ሲነግረኝ የከረመን ሰው እንዴት አድርገው እንደሚያለቅሱለት አላውቅም። በዚህ ረገድ የጣቢያዎ ባለሙያዎች የሚሰጡኝ ምክር ካለ በደስታ እቀበላለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ፈቃድዎ ቢሆን ድምፁን ይመልሱልኝ። ባለቤቴ ያረፈበት ቦታ ለድምፁም አይጠብም።

እስከዚያው ድረስ ሬዲዮዋን ከትራስጌያቸው አንሥተናታል። አማቴ ዜና የሚሰሙት ከእኔ ሆኗል፤ እሱንም በዓይኔ ያየሁትን ብቻ እንድነግራቸው አስጠንቅቀውኛል። ድልድዩ አጠገብ መንገዱ ተቆፍሯል፤ ዳቦ ቤቱ ዝግ ነበር፤ የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ቀበቶ ተበጥሶ ሰውዬው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ እነግራቸዋለሁ። ዜናሽ ጨው የለውም ይሉኛል፤ ቢሆንም በማግስቱ ደግሞ ይጠይቁኛል። ትናንት ሲሞት ፊቱ እንዴት ነበር ብለው ጠየቁኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው።

ለጣቢያዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጥናት ክፍልዎ ዘንድሮም እንደ አምናው የሚያምን አድማጭ፣ ለእርስዎም በሰው ሐዘን የማይናጋውን ያንን የተረጋጋ መንፈስ እየተመኘሁ፣ በቢሮዎ ለጠጣሁት ሻይ ውለታ እንዳለብኝ ሳልዘነጋ በትሕትና እሰናበታለሁ።

የዜና አንባቢዎ ሚስት የነበርኩት፣
የላውንደሪ ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ የጣቢያው ዘበኛ እንዳጫወተኝ ሰሞኑን የእርስዎም ድምፅ በመቀረጽ ላይ ነው፤ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። እናትዎ በሕይወት ካሉ ግን ጊዜ ሳለ ሄደው በአካል ያጫውቷቸው፤ ኋላ የትኛው ልጃቸው እንደሆነ ለመለየት እንዳይቸገሩ።