መሞቴን ላበሰረኝ የጦማሪያን ማኅበር

ለተከበሩ የከተማችን ጦማሪያን ማኅበር ሰብሳቢ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ጥቁር ጨርቅ የተሰቀለበት በር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ምክትልዎና መላው የሥራ አመራር ኮሚቴ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናችሁ ይብዛልኝ፤ ከእኔ የተረፈውን ዕድሜ ሁሉ ለእናንተ ይጨምርላችሁ። የእኔን ሁኔታ ለማወቅ የፈለጋችሁ እንደሆነ፣ ለሟች ደህና ነኝ። የቀኝ ዓይኔ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጥርት አድርጎ ያያል፣ እንቅልፌ መልካም ነው፣ የምግብ ፍላጎቴማ ባለቤቴ እስክትታዘበኝ ድረስ ተከፍቷል።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰው ግራ እንዳይጋባ ማንነቴን ላስተዋውቅ። በጦማር ስሜ «እግረኛው» እባላለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በማኅበራችሁ ድረ ገጽ ላይ ስለ ከተማችን የእግረኛ መንገዶች ስጽፍ የኖርኩ ነኝ። በሙያዬ ጃንጥላና ቦርሳ ጠጋኝ ስሆን፣ ሱቄም ማኅበራችሁ በሚገኝበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ናት። ባለቤቴ መምህርት ነበረች፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የዓይኗን ብርሃን አጣች። ለእርሷ ስል ከሥራ በኋላ መንገዱን በእርምጃ እየለካሁ የቱ ጋ እንደተቆፈረ፣ የቱ ጋ እንደተደፈነ እጽፋለሁ፤ ስልኳ ጮክ ብሎ ያነብላታል። እያደር እንደ እርሷ ያሉ ሌሎችም ሰምተው ኖሮ ጠዋት ጠዋት ጦማሬን አዳምጠው ከቤት የሚወጡ ወደ አርባ የሚጠጉ ሰዎች ሆኑ። ከማኅበራችሁ ታላላቅ ብዕሮች ጋር ሲተያይ ይህ ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ለዓይኔ ሕክምና ሦስት ሳምንት ከጦማሬ በራቅሁ ጊዜ ነው። ሰኞ ዕለት ስለ ሻይ ቤቶች የሚጦምሩት አባላችሁ የሚጻፍ ነገር አጥተው ኖሮ «እግረኛው ድምፃቸው ጠፋ፤ ክፉ አያሰማን» ብለው ጻፉ። ማክሰኞ ገጣሚው አባላችሁ «ክፉ ሰማን» አሉ። ረቡዕ ምክትልዎ «ከታመኑ ምንጮች አረጋግጠናል» ሲሉ አጸደቁት። የምክትልዎ ምንጭ ገጣሚው ነበሩ፤ የገጣሚው ምንጭ የሻይ ቤቱ ጦማሪ፤ የሻይ ቤቱ ጦማሪ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት «የፈራሁትን ምክትል ሰብሳቢው አረጋገጡልኝ» ብለው እንባቸውን አፈሰሱ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የደወለ፣ አንድ በር ያንኳኳ አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እኔ የሰማሁት መጨረሻ ላይ ነው። ዓይኔ ላይ ፋሻ አድርጌ ማድ ቤት ድንች ስልጥ፣ የባለቤቴ ስልክ እንደ ልማዱ እያነበበ መርዶዬን አሰማት። እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳሰሰችና አለህ ወይ አለችኝ። አለሁ መሰለኝ አልኳት። ለቀባሪው አረዱት ሲባል እሰማ ነበር፤ ለሟቹ በማርዳት ግን እናንተን የቀደመ ያለ አይመስለኝም።

ስለሆነም ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሙሾው እጅ ነሥቻለሁ። አባሎቻችሁ የጻፉልኝን አሥራ አንዱንም የሐዘን ጽሑፍ በአንድ ዓይኔ አንብቤያለሁ። በአንደኛው ቀጭን ረዥም ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ስትሰማ እስኪያስላት ሳቀች። በሌላኛው ድምፄ ጎርናና ነው። በገጣሚው ጽሑፍ እሳቸው ባለፈው ሳምንት አብረውኝ ሻይ ጠጥተው፣ እኔም ትከሻቸውን ይዤ «ልጄ፣ ብዕርህን አትጣል» ብያቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ፋሻ ውስጥ ስለነበርኩ ትከሻ ይዤ ከሆነም የማንን እንደያዝኩ እርግጠኛ አይደለሁም። የእርስዎ ጽሑፍ ግን ከሁሉም በለጠብኝ። ጽፈውት በማግስቱ ሁለት ሽቦው የተሰበረ ጃንጥላዎን ይዘው ሱቄ መጡና፣ ትልቅ ሰው አጣን ብለው በቁጭት ራስዎን ነቀነቁ። ክቡር ሆይ፣ እግረኛው እኮ እኔ ነኝ ብዬዎት ነበር። ከት ብለው ስቀው፣ እርስዎ ደግሞ ቀልድ አያልቅብዎትም አሉና ጃንጥላው መቼ እንደሚደርስ ጠየቁኝ። ጃንጥላ ጠጋኝ ይጽፋል ብሎ ማን ይጠረጥራል! አልፈርድብዎትም።

፪ኛ. ጦማሬን «የመታሰቢያ ጦማር» አድርጋችሁ በጥቁር ሪባን ስለማስጌጣችሁ ውለታችሁ አለብኝ። የይለፍ ቃሉን ቀይራችሁ ማንም እንዳይጽፍበት፣ በተለይም ሟች እጁን እንዳያስገባ አድርጋችኋል። ደረጃውን ወጥቼ ጸሐፊዋን ባነጋግራት፣ ትባረክና በትሕትና አስረዳችኝ። ጦማሩ እንዲከፈት ማመልከት የሚችለው የሞት ማስረጃ ያቀረበ ወራሽ ነው፤ አይ፣ እኔ ራሴ በሕይወት አለሁ የምል ከሆነ ግን በአካል የሚያውቁኝ ሁለት የማኅበሩ አባላት ፈርመው መመስከር አለባቸው። ደስ አለኝ። አሥራ አንድ ወዳጅ እያለኝ ሁለት ፊርማ ምን ይቸግረኛል ብዬ ለአሥራ አንዱም ጻፍኩ። ስምንቱ ዝም አሉ። ሁለቱ የሟችን ስም ማርከስ ነውር ነው ብለው ገሠጹኝ። ሻይ አብረውኝ የጠጡት ገጣሚም ዓይናቸውን በጨው ታጥበው፣ «ይቅርታ፣ እግረኛውን በአካል አላውቃቸውም ነበር» ሲሉ መለሱልኝ። አይ ሻይ!

፫ኛ. የመጨረሻ ቃሌን በትልቅ ሰሌዳ አሳትማችሁ ከፋርማሲው አለፍ ብሎ ስለማቆማችሁ። እንዲህ ይላል፦ «ከፋርማሲው እስከ ትምህርት ቤቱ በር፣ በቀኝ በኩል፣ መንገዱ ተደፍኗል፤ ያለ ስጋት ሂዱ።» ክቡር ሆይ፣ ይህ ኑዛዜ አይደለም። ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት የጻፍኩት የዚያን ሳምንት የመንገድ ወሬ ነው። ሰሌዳችሁ በቆመ በአምስተኛው ቀን የቧንቧ ሠራተኞች መጥተው ያንኑ መንገድ መልሰው ቆፈሩት። ሄጄ ለካሁት፤ ከፋርማሲው በር ሠላሳ ሁለት እርምጃ ላይ፣ ጥልቀቱ እስከ ደረቴ፣ ክዳን የለው፣ ገመድ የለው። ከሰሌዳችሁ ግርጌ ማለት ነው። ልጽፈው ብል ጦማሬ ተዘግቷል። ስልካቸውን የማውቃቸውን ዘጠኝ ሰዎች እየደወልኩ አስጠነቀቅሁ።

የሆቴል ስልክ ኦፕሬተር የሆነችውን ዓይነ ስውር ሴትዮ ግን አላውቃትም ነበር። እሷም እንደ ሁልጊዜው ጠዋት ጦማሬን ከፈተች፤ ጦማሬም ያለ ስጋት ሂጂ አላት፤ ሄደች። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ባለቤቴን ይዤ ልጠይቃት ሆስፒታል ስንገባ፣ እንግዳ መሆናችንን አውቃ በጨዋ ደንብ አጫወተችን። እግረኛው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው ቢኖሩ ይነግሩን ነበር አለችን። እግረኛው ይኸው አጠገብሽ ነው ብላ የነገረቻት ባለቤቴ ናት። ሴትዮዋም፣ ታዲያ ካሉ ለምን አልነገሩኝም ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ አሽሙሬ አለቀብኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። ተናድጃለሁ፤ በእናንተም፣ በራሴም። በቁሜ ብትቀብሩኝ ሳቅሁ እንጂ አልከፋኝም፤ በእኔ ስም ሰው ጉድጓድ መስደዳችሁን ግን ሆዴ አልችል ብሏል።

አራተኛና አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጦማሬን ክፈቱልኝ። አልከፍትም ካላችሁ ያችን አንዲት መስመር አጥፉልኝ፤ ሰሌዳውንም ከጉድጓዱ ፊት አንሡት። ሌላውን ክብር ሁሉ፣ በስሜ ያቋቋማችሁትን ሽልማት ጨምሮ፣ ለሻይ ቤቱ ጦማሪ ስጡልኝ። ቅዳሜ ከጠራችሁልኝ የመታሰቢያ ጉባኤ ግን አልቀርም። ባለቤቴና ክንዷ የታሰረው ሴትዮ ግራና ቀኝ ይዘውኝ ፊተኛው ረድፍ ላይ እንቀመጣለን። በሕሊና ጸሎቱ መሐል ሳል ቢያፍነኝ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጦማሬ ስለተዘጋ ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ።

የማኅበራችሁን ዝና ዘወትር የምመኝ፣ በሙሾአችሁ የኮራሁ፣ ምስክር አጥቼ ከሕያዋን መዝገብ የተሰረዝኩ፣

ታዛዥዎ፣
ሟች እግረኛው
(ጃንጥላና ቦርሳ ጠጋኝ፣ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር)

ማሳሰቢያ፦ ጃንጥላዎ ተጠግኖ ደርሷል። ሊወስዱት ሲወርዱ ግን እግርዎን ያስተውሉ። ትናንት በሕንፃችን መውጫ፣ ከመጨረሻው ደረጃ አራት እርምጃ ወደ ግራ፣ አዲስ ጉድጓድ ተከፍቷል፤ ክዳን የለውም። ቀድሞ ቢሆን ጦማሬ ላይ አሰፍረው ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእርስዎ አልነግርም ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ናት፣ የሚያይ ሰውም ይወድቃል፣ ንገረው ያለችኝ።