ስለ መርሳታችን

ጎንደር፣ የካቲት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ውድ ዝናሽ፣

ወንድምሽ አያ አለነ ትናንት ጨርቅ ሊገዛ ሱቄ ጎራ ብሎ ነበር። መድኃኒቱን አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ እንደምትወስጂ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ እንደምትረሺው ነገረኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲልሽም «ያረጀ ጭንቅላት አይታከምም» ብለሽ እንቢ ብለሻል አሉ።

ያልነገርሁሽ ነገር አለ። ወንድምሽ ዘንድ ወደ መካነ ብርሃን ከመሄድሽ በፊት፣ ከቅዳሜ ገበያ ስትመለሺ ሱቄ በር ላይ ቆመሽ «ፈህሚያ፣ ቤቴ በየት በኩል ነው?» ብለሽኝ ነበር። ምናልባት ረስተሽው ይሆናል። እኔ ቀልድ አስመስዬ ሳቅሁ። እንዳልቀለድሽ አውቄያለሁ፤ የሳቅሁት ፈርቼ ነው። በዚያው ሳምንት የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ስሰግድ ስንተኛው ዙር ረከዓ ላይ እንደ ደረስሁ ጠፍቶብኝ፣ መስገጃዬ ላይ ተቀምጬ አልቅሼ ነበር። በ1997 የኤችአይቪ መድኃኒት ልንጀምር፣ አንቺ በነጠላሽ እኔ በሻሼ ተሸፋፍነን አንድ ወረፋ ላይ የተዋወቅን ሰዎች፣ ይህን ምነው ተደባበቅን?

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ለሐኪሙ ለየሻው ደፍሬ ነገርሁት። እንደ እኛ ቫይረሱ ኖሮባቸው ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ጥናት እየተደረገ ነው አለኝና አስገባኝ። አምስት ቃላት ነግሮኝ ቆይቶ ጠየቀኝ፤ ሁለቱን ብቻ አስታወስሁ። ደምም ወሰዱ። ቫይረሱ በመድኃኒት ቢታፈንም ሰውነት ውስጥ የሚቀረው ብግነት፣ ያ የውስጥ መቆጣት፣ አእምሮን ሊያደክም ይችላል፤ የዚያን ምልክት ነው ከደም የሚፈልጉት። «ገና እየተጠና ነው፤ በእሱ ብቻ እንዲህ ሆነሻል አልልሽም» አለኝ። በምርመራው ግን የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱና አንድ ቫይታሚን ማነሱ ተገኘ። ታከምሁ። በአራተኛው ወር አራቱን ቃላት መለስሁ። አምስተኛው ዛሬም አልመጣልኝም።

ስለ አንቺም ጠየቅሁት። «የእሷ ምክንያት ካንቺ ይለይ ይሆናል። ሳላያት ተስፋ አልሰጥም፤ ሳላያትም ተስፋ አልቆርጥም» አለ።

ከአያ አለነ ጋር ተስማምተናል፤ የሻው እንዲያይሽ ጎንደር ትመጫለሽ፣ የምታርፊውም እኔ ቤት ነው። መድኃኒቱን አብረን እንወስዳለን፤ አንዳችን ስንረሳ ሌላዋ ታስታውሳለች። ሁለታችንም ከረሳን ልጄ ኢልሃም አለች፤ እሷ ዝም አትለንም።

ሐሙስ መጥቼ እወስድሻለሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ ፊቴ ቢጠፋብሽ አትደንግጪ፤ ስሜን እነግርሽና እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሳፈራለን።

እህትሽ ፈህሚያ