ውሃ ያለው መሬት

ሲያትል፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ይርጉ፤

ካለሁበት ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ወርቅዬም ወሯ ገብቷል።

ታኮማ አጠገብ የገዛነውን ባዶ መሬት የባንኩ ገማች መጥቶ አየው። እዚህ ቤት ፋብሪካ ተሠርቶ በትልቅ መኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ባንኩ ለቤቱ መግዣ የሚያበድረን መሬቱን መያዣ አድርጎ ነው። እኔም «መሬት ስትገዛ ውሃውን አስቀድም» ያሉኝን አስታውሼ፣ ሣሩ በበጋ እንኳ እንደማይደርቅ፣ ትንሽ ቢቆፍሩት ውሃ እንደሚፈልቅ በኩራት ነገርኩት።

«የቱ ጋ ነው ውሃው?» አለኝ።

ቤቱ የሚያርፍበትን ቦታ አሳየሁት። የያዘውን የብረት ዘንግ ቢተክለው፣ ሳይጫነው እስከ እጁ ሰመጠ። ጫማውን በሣሩ ጠርጎ ሄደ። ቸኩሎ ይሆናል።

ወርቅዬ «ምን አለ?» ስትለኝ «ወዶታል» አልኳት። ስለዚህ የተከራየነውን ቤት እንደምንለቅ ለባለቤቱ ነገረችው፤ ዕቃውንም እያሸገች ነው። ዝናቡ ከዚያን ቀን ጀምሮ አላባራም። ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ መሬቱን አየዋለሁ። ዳክዬዎች መጥተው ይዋኙበታል፤ ያምራሉ።

አባባ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ልጠይቅዎት፤ ውሃ በሚቋጥር መሬት ላይ የቆመ ቤት አይተው ያውቃሉ?

እማዬን ሳሙልኝ፤ ጸሎታችሁ አይለየን። መልስዎን በሥራ ቦታዬ አድራሻ ይላኩልኝ፤ ወርቅዬ ባታየው ይሻላል።

ልጅዎ ማዕረግ